በእትዬ ሙሉ ስም

መርዶ ነጋሪ ተብሎ ከአገር አገር የሚላክ ሰው ቢያንስ ፊቱ ለነገሩ ሊመች ይገባ ነበር። ዓምሃ ግን ፊተ ክብ፣ ጉንጨ ሙሉ፣ ሳይስቅ የሚስቅ የሚመስል ሰው ነው። የሚሠራበት የደሴው ጤና ቢሮ ለአሥር ቀን ሥልጠና ወደ ኦስሎ ሊልከው መሆኑ በተሰማ ማግስት ኃይለአብ ቤቱ ድረስ መጣና፣ «እንግዲህ እግዜር መንገዱን ከፈተው፤ ለአክሊሉ አንተ ትነግረዋለህ» አለው። ኃይለአብ የአክሊሉ ታላቅ ወንድም ነው፤ የሚነገረውም የእናታቸው የእትዬ ሙሉ ሞት ነበር።

እትዬ ሙሉ ያረፉት ሰኔ ሃያ ሦስት ቀን ነው። አሁን ነሐሴ ሃያ አራት ሆኗል። አርባቸው ወጥቶ ተዝካራቸው ተበልቷል፤ ዓምሃም ከበሉት አንዱ ነው። ያልሰማው ኦስሎ ያለው ልጃቸው ብቻ ነው። በሰው አገር ብቻውን ለሚኖር ሰው በስልክ መርዶ አይነገርም፤ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ፣ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ «እናትህ ጸበል ገብተዋል፤ ዓምሃ እየሄደ ያያቸዋል» ተባለ፤ አክሊሉም አመነ።

አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ኦስሎ ላይ ጎህ ሲቀድ ግን ግማሹ አበሻ ከሌሊት ፈረቃ አልተመለሰም፣ ግማሹ አውቶቡስ ሊነዳ ወጥቷል። የአክሊሉ ጎረቤት አቶ ገረዝጊሄር ይህን ሁሉ አስልተው ለዓምሃ ደወሉለት። በደጉ ዘመን አዲስ አበባ የኖሩ ኤርትራዊ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሠፈራቸው የትሮስተሩድ ለቅሶም ሠርግም ያለሳቸው አይሆንም። «ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል» አሉት። «እስከዚያ ከዚህ ብሎክ አርቀህ አቆየው። ምሳ ይብላ፤ በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም። መንገድ ላይ ደግሞ እንዳትነግረው። ብቻችሁን ሆናችሁ ቢወድቅብህ ምን ትሆናለህ?»

ማቆያው አልቸገረም። አክሊሉ እንግዳ ተቀባይ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ስለሆነ ዓምሃ ከአውሮፕላን ከወረደ ጀምሮ፣ «ናሹናልፓርኩን፣ ጥብቁን ጫካ፣ ሳላሳይህ አገርህ አትገባም» እያለ ሲዝት ሰንብቷል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተዋሰውን ጫማ አስጠለቀው፣ ቦርሳ አሸከመውና ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ጫካ ይዞት ገባ።

ዓምሃ የተሸከመው ግን ቦርሳውንና መርዶውን ብቻ አልነበረም። ሌላም ነበረበት፤ እሱን አቶ ገረዝጊሄርም አያውቁም።

እትዬ ሙሉ ፊደል አልቆጠሩም። ከአክሊሉ ጋር በድምፅ ከተነጋገሩም አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ባላቸው ሲሞት አክሊሉ አልመጣም። በመጀመሪያ የመኖሪያ ወረቀቱ አልደረሰም ነበር፤ ወረቀቱ ሲደርስ ደግሞ «በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚቀጥለው ዓመት» ሲል ከረመ። ሴትዮዋ «እንግዲህ ድምፄን አይሰማም» ብለው ማሉ። ጎረቤታቸው የሆነውን የልጃቸውን አብሮ አደግ ዓምሃን እየጠሩ የሚሉትን በስልኩ ያጽፉት ጀመር። «ብርድ ነው አሉ፤ ይደርብ በለው።» «የላከው ጫማ ጠበበኝ በለው።» ዓምሃ አንድ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጽፋል፤ ይኮራበትም ነበር።

አክሊሉ በየጊዜው አንድ ነገር ይለምናል፦ አባቱን አለመቅበሩን ይቅር እንዲሉት። ሰኔ አሥራ ስድስት ቀን እትዬ ሙሉ መልስ ሰጡ። መልሱ ከባድ ነበርና ዓምሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጽፍ ቀረ። ነገ ቀለል ባለ ቃል እጽፈዋለሁ ሲል፣ ከነገ ወዲያ ሲል፣ በሳምንቱ ልባቸው ቀጥ አለች። በሐምሌ አክሊሉ እንደገና ሲለምን ዓምሃ አዘነለት። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ማታ፣ ከሞቱ ወር ሊሞላቸው በተቃረቡት ሴት ስም እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ።»

ልኮ ስልኩን ሳያስቀምጥ ከጀርባው ድምፅ ሰማ። የቁጣ ድምፅ አልነበረም፤ ዱቄት ሲሰፈር አጎደልክ እንደሚል ሰው ያለ ነው። «እንዲህ አላልኩም» አሉት እትዬ ሙሉ።

ከዚያ ወዲህ በስማቸው በጻፈ ቁጥር ይመጣሉ። ለኃይለአብ ስለ መልእክቱ እንጂ ስለ ድምፁ አልነገረውም፤ እብድ መባልን ፈራ። ኃይለአብ አስቦ፣ «የሞተችበትን ቀን ሲጠይቅህ ከአሥር ቀን በፊት በለው። እኛም እንደዚያው እንላለን። ይቅርታዋን ይዞ ይቅር፤ ማንን ይጎዳል?» አለው። እውነትም ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። እውነተኛው ቀን ከተነገረ ግን አክሊሉ ይቆጥራል። ከቆጠረ እናቱንም ይቅርታዋንም ባንድ ቀን ይቀብራል፤ ዓምሃም ጓደኛውን ያጣል።

አክሊሉ ቀድሞ ይሄዳል፤ አያቱ የተከለው ጫካ ይመስል ያስጎበኛል። ሉትቫን ሐይቅን አልፈው፣ የጥድ ሥር እንደ ደረጃ በተጋደመበት መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ሄዱ። ውሻ የያዙ ባልና ሚስት በአጠገባቸው ሲያልፉ ፈገግ ብለው «ሄይ ሄይ» አሏቸው።

«አየህ» አለ አክሊሉ። «ከተማ ውስጥ አሥር ዓመት ጎረቤትህ ሆኖ ሰላም አይልህም። ጫካ ሲገባ ግን ዘመድ ይሆናል።»

«ምን ነካቸው?»

«እኔ ምን አውቄ። ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ይሆናል የሚፈራው።»

ዓምሃ ዘወር አለ። ባልና ሚስቱ በጥምዝዙ ላይ ከዓይን ጠፍተዋል። ውሻው ግን መንገዱ መሀል ቆሞ ባዶ ቦታ እያየ ጭራውን ይቆላ ነበር። ሲጠሩት ሮጦ ሄደ።

የፓርኩ ምልክት ጋ ሲደርሱ አክሊሉ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ። ፓርክ ከሆነ ገና ጥቂት ዓመቱ መሆኑን፣ ከዚህ ወዲያ ሕጉ ሌላ መሆኑን፣ ተኩላም እንዳለበት ተናገረ። ዙሪያቸውን ቢያዩ ጥዶች እዚህም እዚያም ተጋድመዋል፤ አንዳንዱ ቅርፊቱን ጥሎ ደርቆ ቆሟል።

«ማገዶ የሚለቅም የላቸውም?» አለ ዓምሃ።

«ክልክል ነው። የሞተ ዛፍ አይነካም። ቆሞም ይሙት ወድቆ፣ ባለበት ይቀመጣል። ማንም አያነሳውም።»

«ማንም አይቀብረውም በለኛ» አለ ዓምሃ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የደነገጠው።

«ያ» አለ አክሊሉ እየሳቀ። ኖርዌይ ከገባ ወዲህ «አዎ» ማለት ትቷል። «ሳይቀበር ነው የሚኖረው።»

ከዚያ በኋላ ጫካው ዝም አለ። ነፋስ የለም፤ ወፍ የለም፤ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰው አረንጓዴ መሬት የእግራቸውን ድምፅ ይውጠዋል። ዓምሃ ግን የእግር ድምፅ ይሰማ ነበር። የአክሊሉ አለ፤ የራሱ አለ፤ ሌላም አለ፦ ቀስ ያለ፣ ትንሽ የሚጎተት፣ ጫማ እንደጠበበው ሰው። በዛፎቹ መሀል ነጭ ነገር አየና ቆመ። ቀርቦ ቢያይ ቅርፊቱ ነጭ የሆነ ዛፍ ነው። «ይኼ ዛፍ ነው» ብሎ ለራሱ ነገረው። ጥቂት ሄዶ ዘወር ሲል ነጩ ነገር እነሱ ወዳሉበት የቀረበ መሰለው። ዳግመኛ አልዞረም።

አንዲት ትንሽ ሐይቅ ዳር ተቀመጡ። ውሃዋ ጥቁር ነው፤ ጥዶቹን ገልብጣ ይዛለች። አክሊሉ ከቦርሳው ምሳ አወጣ፤ «ማትፓከ ይሉታል፤ ከሕፃን እስከ ሚኒስትር ይችን ነው የሚበላው» አለ። በስሱ የተቆረጠ ዳቦ ላይ ቡናማ አይብ የተለጠፈባት ነች፤ ዓምሃ ለእስረኛ የምትሰጥ መሰለችው። አክሊሉ በወረቀት የተጠቀለለችውን አንዷን ለዓምሃ ሰጠው፣ አንዷን ለራሱ ያዘ፣ አንዷን ድንጋዩ ላይ አኖራት። ከዚያ አያት።

«የማን ናት ይቺ?» አለ። «ለሦስት ሰው ነው እንዴ የቋጠርኩት?»

«ብላት» አለ ዓምሃ ቶሎ ብሎ። «አንተ ብላት።»

አክሊሉ እንደ ወትሮው ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ ሊተው ነበር። ዓምሃ ግን አቶ ገረዝጊሄር ያሉትን ስለማይረሳ ዳቦውን እየቆረሰ ያጎርሰው ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አክሊሉ አፉ በዳቦና በአይብ እንደተሞላ እየሳቀ፣ «ምን ሆነሃል፣ ሙሽራ አደረግኸኝ እኮ» አለው። ዓምሃ የሚያጎርሰው ለለቅሶ ጉልበት እንዲሆነው መሆኑን እያወቀ ከሳቁ ጋር ለመሳቅ ሞከረ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን የጠላበት ቀን የለም።

ምሳው ሲያልቅ አክሊሉ ስልኩን አወጣ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ትነግረኛለህ?»

«ጠይቅ።»

«ይችን አንተ ነህ የጻፍክልኝ።» የሐምሌ አሥራ ዘጠኙን መልእክት ጮክ ብሎ አነበባት። ሐይቁም ስለሚያስተጋባ «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰማ። «ስትልህ ፊቷ እንዴት ነበር?»

ዓምሃ የዳቦውን ወረቀት ማጠፍ ጀመረ። «ደህና ነበሩ» አለ።

«እንዲህ አላልኩም» አሉ እትዬ ሙሉ ከኋላው።

«እናቴን ታውቃታለህ» አለ አክሊሉ። «እማዬ እንዲህ አትናገርም። ልጄ ብላኝ አታውቅም እኮ፤ አንተ ልጅ ነው የምትለኝ። ይቺን ባነበብኩ ጊዜ መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ፈራሁ። ሰው ሊሞት ሲል ጠባዩ ይለወጣል ይሉ የለ? ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ደግ ደጉን ትጽፍልኛለች፤ እኔ ደግሞ ሌላ ሰው በእሷ አፍ የሚያወራኝ ይመስለኛል። ነውር ነው አይደል? እናቴ ይቅር ስላለችኝ መፍራት?»

«ነውር አይደለም።»

«ለማንም አልተናገርኩም፤ ቲኬት ቆርጫለሁ። መስከረም አሥር እገባለሁ። በዓይኔ ልያት።» ስልኩን ኪሱ ከትቶ ፊቱን ወደ ዛፎቹ መለሰ። «ከኋላችን ሰው አለ እንዴ?»

ዓምሃ አልዞረም። «ማንም የለም» አለ።

«እግር የሰማሁ መሰለኝ።»

አሁኑኑ ልንገረውና ልገላገል የሚል ሐሳብ መጣበት። አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን ጥቁሩን ውሃ አየ፣ ወደ ውሃው የሚወርደውን ገደል አየ፣ አክሊሉ አንድ ራስ በቁመት እንደሚበልጠው አየ። እውነትም ቢወድቅበት የሚያነሳው ማን ነው? አፉን ዘጋ።

ሲመለሱ አክሊሉ መንገድ ዳር ተንበርክኮ ብሉቤሪ የሚባለውን ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ መልቀም ጀመረ። የምሳውን ዕቃ እስኪሞላ ለቀመ። «ለዓይን ጥሩ ነው። አደይ ለተስላሴ በስኳር ታፈላልኛለች፤ ለእማዬ ትወስድላታለህ» አለ። አደይ ለተስላሴ የአቶ ገረዝጊሄር ባለቤት ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ቤታቸው ውስጥ ለለቅሶተኛ ወንበር እየደረደሩ ነበር። ዓምሃም ዝም ብሎ እንዳይቆም አብሮት ጎንበስ አለ። ጣቶቹ ሰማያዊ ሆኑ።

«ለማን ነው የምትለቅመው?» አሉት እትዬ ሙሉ፤ በዚህ ጊዜ ከኋላው ሳይሆን ጆሮው ሥር።

ትሮስተሩድ የደረሱት አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ዓምሃ «አቶ ገረዝጊሄርን ሰላም ብለን እንለፍ» አለ፤ ይህም የተጠና ነበር። ያልተጠናው ጫማው ነው። ኦስሎ ቤት ውስጥ በጫማ አይገባም። አቶ ገረዝጊሄር መኪና ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ በመስኮት አትታዩ፣ ስልክ ዝጉ ብለው ሁሉንም ሲያዙ፣ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ የተቆለለውን ጫማ ግን ማንም አላሰበውም። አርባ ጥንድ ይሆናል፤ የነርስ ነጠላ ጫማ፣ የፋብሪካ ቦት፣ የአሮጊት ሸራ። ከበሩ እስከ ደረጃው አጋማሽ ወርዷል።

አክሊሉ ቆመ። ጫማውን አየ። ከቤቱ የሚወጣ ድምፅ ካለ ብሎ አዳመጠ። አርባ አበሻ የገባበት ቤት ውስጥ ኮሽ የሚል የለም። ይህ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አክሊሉ ያውቃል፤ እሱም ለሌላ ሰው እንደዚህ ዝም ብሎ ተቀምጦ ያውቃል።

«ለእኔ ነው?» አለ።

ዓምሃ በሩን አንኳኳ። በሩ ተከፈተ። አደይ ለተስላሴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አክሊሉ የሰማው ያኔ ነው፤ አቶ ገረዝጊሄር «አክሊሉ ወደይ፣ ልጄ፣ እናትህ አርፈዋል» ያሉት ለወጉ ነው። ወንዶቹ ከግራና ከቀኝ ያዙት። እሱ ግን ከእጃቸው ወጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሴቶቹም ለቅሶውን ለቀቁት። ታችኛው ፎቅ ያሉት ኖርዌጂያን ምን እንዳሉ አይታወቅም፤ ሊጠይቅ የመጣ ግን አልነበረም።

ረጅም ጊዜ አለቀሰ። ሲደክመው ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ዓምሃን መሀል ቤት ካለችው ወንበር ላይ አስቀምጠውታል፤ ከአገር የመጣ እሱ ነውና የሚጠየቀው እሱ ነው።

«መቼ ነው?» አለ አክሊሉ።

ከአሥር ቀን በፊት የሚለው ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ዓምሃ ጠበቀ። ቀኑን ሙሉ ሲያርሙት የዋሉት ሴት አሁንም ከኋላው «እንዲህ አይደለም» እንዲሉት ጠበቀ። ምንም አላሉም። እሱ ራሱ እንዲለው ትተውት የሄዱ መሰለው፤ ያም ከድምፃቸው ይልቅ አስፈራው።

«ሰኔ ሃያ ሦስት» አለ።

አክሊሉ በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ቤቱ ውስጥ የሚያለቅሱት አንድ ባንድ ወደ ሁለቱ ዞሩ።

«ሐምሌ አሥራ ዘጠኙስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላውስ?»

«ከሰኔ ሃያ ሦስት ወዲህ ያለው ሁሉ የእኔ ነው።»

አደይ ለተስላሴ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አቶ ገረዝጊሄር ተነስተው በሁለቱ መሀል ቆሙ፤ ወጣቱ ሊማታ ነው ብለው ነበር። አክሊሉ ግን ካለበት ሳይነሳ፣ «እሷስ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

ዓምሃ ነገረው። «ሰኔ አሥራ ስድስት ቀን ነው። በራፍ ላይ ሆነው ምስር ይለቅሙ ነበር። ‹ይቅርታ በስልክ አይወርድም በለው። እኔ ጉልበት አለኝ፣ እሱም እጅ አለው። ይምጣና ይያዘኝ። ያኔ ወይ እምረዋለሁ ወይ በከዘራ እለዋለሁ› አሉ። እኔ ነኝ ያልጻፍኩት። ሳምንት ሙሉ ይዤው ቆየሁ። ብጽፍልህ ኖሮ በሕይወት ሳሉ ትደርስባቸው ነበር።»

ሰው ሁሉ የአክሊሉን ፊት ያያል። ያ ፊት መጀመሪያ ተጨማደደ፤ ከዚያ፣ በእንባው መሀል፣ ሁለት ወር ሙሉ የጠፋበትን ሰው ያገኘ ሰው ፊት ሆነ።

«ይቺ እሷ ናት» አለ። «ይቺ እናቴ ናት። እስቲ ድገመው፤ እንደሷ አድርገህ።»

ዓምሃ ደገመው። ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ደገመው። ከአፉ የወጣው ድምፅ ግን የእሱ አልነበረም፤ ቀስ ያለ፣ ሻከር ያለ፣ ዳር ዳሩ የሚቆረጥ የአሮጊት ድምፅ ነበር። እትዬ ሙሉን በዓይናቸው አይተው የማያውቁት አቶ ገረዝጊሄር ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አክሊሉ በዳዴ መጣ። ወንበሩ ሥር ሲደርስ የዓምሃን ሁለት ጉልበት አጥብቆ ይዞ ግንባሩን አስደገፈበት። «መጣሁ እማዬ» አለ። «ይኸው ይዤሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ዓምሃ በስማቸው ይቅርታ መጻፍ ቀልሎት ነበር። አሁን ግን አፉ እምቢ አለው። ቤቱ ሁሉ እየጠበቀው እንደሆነ ያውቃል፤ እጁን አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ ቢያኖርለት እንደሚበቃም ያውቃል። እጁ አልነሳ አለ። ለአክሊሉ የሞተችበትን እናት መሆን አልቻለም።

ጉልበቱን ቀስ አድርጎ ከአክሊሉ እጅ አስለቀቀ። ከወንበሩ ወረደና አጠገቡ ተንበረከከ። ፊቱን ወደ ወንበሩ መልሶ፣ «እኔንም» አለ። «እትዬ ሙሉ፣ እኔንም።»

ሁለቱ ሰዎች ባዶዋን ወንበር ይዘው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ የሰማው ሁሉ ከሌሎቹ የኦስሎ ሠፈሮች፣ ከቶየንም ከግሮሩድም እየመጣ ቤቱ ሞላ፤ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ወለል ላይ ተቀመጡ። ያቺን ወንበር ግን «እስቲ ልቀመጥባት» ያለ ሰው አልነበረም።